የኮሚሽን ቤታችን ሊፈርስ ነው፤ ኖቬምበር 28 ድምፄን ለማን ልስጥ?

ከ14ኛ ፎቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜልበርን ላላችሁና ዜግነት ላገኛችሁ ነው ጥያቄዬ።

የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ምርጫ ኖቬምበር 28 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ ኅዳር 19 ቀን 2019፣ ቅዳሜ፣ የገብርኤል ዕለት። ስምንት ወር ገደማ ቀርቶታል። ገና ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔን ግን ከአሁኑ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ፍሌሚንግተን ኮሚሽን ቤት፣ መንግሥት የሚያከራየው ፎቅ ማለት ነው፣ ከገባሁ 17 ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች ያሳደግኩት እዚሁ ነው። በ2023 ሴፕቴምበር የያኔው ፕሪሚየር፣ የክፍለ ግዛቱ መሪ፣ ዳንኤል አንድሩስ በከተማው ያሉት 44ቱም የመንግሥት ፎቆች እስከ 2051 ድረስ ፈርሰው እንደ አዲስ ይሠራሉ አሉ። በሳምንቱ ሥልጣን ለቀቁ። እኛ ወሬውን ከቴሌቪዥን ነው የሰማነው። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሕንጻዎች ሁለቱ የእኛው ግቢ ናቸው። የእኔ ፎቅ ተራው ገና ነው፤ ግን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ በመስኮት ወደዚያኛው ሕንጻ አያለሁ። ፊት ከላይ እስከ ታች መብራት ነበር። አሁን መስኮቶቹ አንድ በአንድ ጨለሙ። አራተኛው ፎቅ ላይ የነበረችው ጎረቤቴ ጋር ለዓመታት ቡና ተጠራርተናል። የለቀቀች ቀን ረከቦቷን በጋቢ ጠቅልላ ለጫኞቹ አልሰጥም ብላ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። የሄደችበት ቤት ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሁለት ባቡር ይርቃል፣ ቤተክርስቲያኑም ገበያውም ከዚህ ቀርቷል። አሁን በስልክ ነው የምንጠያየቀው።

ትመለሳላችሁ ብለውናል። እኔ የምለው፣ በምን ውል? አሁን የምከፍለው ኪራይ ከገቢዬ 25 ከመቶ አያልፍም። ስንመለስ አከራያችን መንግሥት ነው ወይስ ሌላ ድርጅት? አራት ሰው ሆነን ወጥተን ልጆቹ አድገው ሁለት ብንሆን የመኝታ ቤቱ ቁጥር እንዴት ይሰላል? ስብሰባ በጠሩን ቁጥር እጄን አውጥቼ እጠይቃለሁ። በሚያምር ወረቀት የተሳለ ሥዕል ያሳዩኛል።

ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ የመረጥኩት ገዥውን ፓርቲ፣ ሌበርን ነው። ተቃዋሚዎቹን ሊበራሎችን ደግሞ በ2018 ምርጫ ሰሞን ልጆቻችን ላይ የተወራውን «የአፍሪካ ወንበዴ» ወሬ ሳስብ እጄ አይታዘዝልኝም። ግሪንስ ማፍረሱን ይቃወማሉ። ለእነሱ 1 ቁጥር ልስጥ ስል «ድምፅሽን ወንዝ ውስጥ ጣልሽው» ይሉኛል። እውነት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሳንሻይን 2009

እህቴ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ልመልስልሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አይባክንም።

እናቶቻችን ገበያ ሲልኩን ምን ይሉ ነበር? «ነጭ ጤፍ አምጣ፣ እሱ ከሌለ ሰርገኛ፣ እሱም ከጠፋ ስንዴ።» የዚህ አገር አመራረጥ እሱ ነው። ለታችኛው ምክር ቤት በሚሰጥሽ ወረቀት ላይ ሁሉንም ዕጩ በቁጥር ትደረድሪያለሽ፤ 1፣ 2፣ 3 እያልሽ እስከ መጨረሻው። ከግማሽ በላይ 1 ቁጥር ያገኘ ዕጩ ከሌለ ዝቅተኛውን ያወጡና የእሱን ወረቀቶች ቀጥሎ ወደተጻፈው ሰው ያዞሯቸዋል። ሁለት እስኪቀሩ እንዲያ ይቀጥላል። 1 ለግሪንስ፣ 2 ለሌበር ብትይና ግሪኑ ቢወድቅ ድምፅሽ ሙሉውን ለሌበር ይገባል። ቅንጣት አይጎድልበትም።

ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025 የገንዘብ ሚኒስትሩ ቲም ፓላስ ስለለቀቁ ዌሪቢ ላይ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ሌበር በ2022 ከመቶ 45 ገደማ 1 ቁጥር ያገኘበት ወረዳ ነው። ያን ቀን ወደ 29 ወረደ። ያዳነው የሌሎቹ ሰዎች 2 እና 3 ቁጥር ነው፤ ያሸነፈው ከአንድ ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ምዕራብ ሜልበርን ሲያወሩ ድምፃቸው ለስለስ ብሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመቶ 4 ያለፈ ዕጩ ለእያንዳንዱ 1 ቁጥር ለፓርቲው ከመንግሥት ገንዘብ ይከፈለዋል። 1 የምትጽፊለት ሰው መልእክትም ገንዘብም ነው የሚያገኘው። አስበሽ ጻፊ።

በሩ ላይ የሚያድሉትን ወረቀት መከተል ግዴታ አይደለም። ዕጩዎቹ ራሳቸው ደስ ባላቸው ቅደም ተከተል ያሳተሙት ነው። አጎቴ ለሦስት ምርጫ መንግሥት ያዘዘው መስሎት ሲገለብጥ ኖሯል።

የታርኒት አባት

ሐዘንሽ ይገባኛል፤ ጎረቤት ከዘመድ በላይ ነው። ግን እህቴ፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት አንሁን፤ እኔ ማፍረሱን እደግፋለሁ። እኔም ከ2006 ጀምሮ ስድስት ዓመት እዚያው ሰፈር ኖሬአለሁ። እነዚህ ፎቆች በ1960ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነፍሰ ጡር ሚስቴ 11 ፎቅ በእግሯ የወጣችበትን ቀን አልረሳም። በጋ ላይ ክፍሉ ምጣድ ነው። እስከ መቼ በጥገና ይዘለቃል?

የእኔ ብሶት ሌላ ነው። እዚህ ታርኒት በየወሩ አዲስ መንደር ይበቅላል። ባቡራችን ግን በ2015 መስመሩ ሲከፈት የተሰጠን የክፍለ ሀገር ዲዝል ባቡር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መድረኩ ላይ ቆሜ በሩ ሲከፈት የሰው ጀርባ ነው የማየው። ከዋይንድሃም ቬል ጢም ብሎ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ህንዳዊት «ግቢ፣ ግቢ» ብዬ ቦታዬን ለቅቄላት ቀጣዩን ጠበቅኩ፤ ሥራ አርፍጄ ገባሁ። በምሥራቅ በኩል ከቼልተናም እስከ ቦክስ ሂል ለሚቆፈረው የባቡር ቀለበት 34 ቢሊዮን ተኩል ዶላር መድበዋል፣ በ2035 ያልቃል ይላሉ። እኔ ያኔ ጡረታዬ ደርሷል። ምዕራቡ ለሌበር ሁልጊዜ ድምፅ ስለሰጠ ነው የተዘነጋው ብዬ አምናለሁ። ዌሪቢ ያሳየውም ይሄንኑ ነው።

ለማን እንደምሰጥ አልወሰንኩም። የኤሌክትሪክ ባቡር ወደ ዋይንድሃም ቬልና ወደ ሜልተን በእንዲህ ያለ ዓመት ይጀመራል ብሎ ቀን የሚቆርጥልኝን አያለሁ።

ነርስ ነኝ

ወንድሜ፣ በባቡሩ እውነትህን ነው። ግን የተሠራውን እንዳልተሠራ አናድርገው።

እኔ የምኖረው ሳንሻይን ነው፤ የምሠራው ፓርክቪል ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ ውስጥ። ድሮ ሜልበርን ሴንትራል ወርጄ ትራም እጠብቅ ነበር። በክረምት ማታ ፈረቃ ጨርሶ ትራም መጠበቅ ምን እንደሆነ የሠራችሁበት ታውቃላችሁ። ኖቬምበር 30 ቀን 2025 የሜትሮ ዋሻው ከተከፈተ ወዲህ ባቡሬ ፓርክቪል ጣቢያ ያወርደኛል፤ መወጣጫው ጫፍ ስደርስ ሆስፒታሉ ፊቴ ነው። በቀን የማተርፈውን ጊዜ ከልጄ ጋር እራት እበላበታለሁ። አዲሱ የፉትስክሬይ ሆስፒታልም በዚህ ዓመት መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል፤ አንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር የወጣበት፣ ከ500 አልጋ በላይ ያለው። ምዕራብ ሜልበርን እንዲህ ያለ ሕንጻ አይቶ አያውቅም። ከጃንዩዋሪ 1 ጀምሮ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባቡርም ትራምም አውቶቡስም በነጻ ነው። ሦስት ተማሪ ላለው ቤት ይሄ ቀላል ነው?

ጥፋት የለባቸውም አላልኩም። ድንገተኛ ክፍል ስምንት ሰዓት የጠበቀ ሰው ሲቆጣብኝ የሚሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ግን የጀመሩትን ሲጨርሱ አይቻለሁ፣ 1 ቁጥሬ ለሌበር ነው።

ኒኮልሰን ስትሪት ምግብ ቤት

እኔ ደግሞ የሚጠላውን ልናገር። ዘንድሮ ሊበራል ነኝ።

ሌበር ከ2014 ጀምሮ 12 ዓመት ገዝቷል። ከ1999 ወዲህ ብትቆጥሩት ከእጁ የወጣው አራት ዓመት ብቻ ነው። ማንም ቢሆን ይህን ያህል ሲቀመጥ ጆሮው ይደነድናል። የክፍለ ግዛቱ ዕዳ በ2029 አጋማሽ 194 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ የራሳቸው በጀት ይላል። ወለዱን የሚከፍለው ማነው? እኔ ነኝ፣ አንተ ነህ። አከራዬ የመሬት ግብር ጨመረብኝ ብሎ ኪራይ ሲጨምርብኝ፣ እኔ ደግሞ የበያይነቱን ዋጋ ልጨምር ስል ደንበኛዬ ፊቱን ያዞራል። ከስድስት ሠራተኛ ሁለቱን አሰናብቻለሁ። አንዷ ሽሮ ስትሠራ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃት የነበረች ልጅ ናት። የነገርኳት ቀን ሽርጧን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ምንም ሳትናገር ወጣች።

2018ን ማንም አይረሳም፤ እኔም አልረሳሁም። ግን ያኔ የነበሩት መሪዎች ዛሬ የሉም። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ የምትመራቸው ጄስ ዊልሰን ናት፤ በቪክቶሪያ ሊበራል ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት መሪ። አዲስ ሰው ይሞከር ነው የምለው።

አባት ከሜልተን

ወንድሜ፣ ሠራተኞችህን ስላጣህ አዝኛለሁ። ግን «ያኔ የነበሩት የሉም» ስትል ውስጤ አልቀበልህ አለ። በ2018 ጃንዩዋሪ የያኔው የፌዴራል ሊበራል ሚኒስትር ፒተር ደተን የሜልበርን ሰው በወንበዴ ፍርሃት እራት ለመብላት መውጣት ፈርቷል ሲሉ ልጄ አራተኛ ክፍል ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቶ «አባዬ፣ እኛ ነን እንዴ?» አለኝ። ሕዝቡ ያን ዓመት ለሌበር 55 ወንበር ሰጥቶ መልሱን ሰጠ። የልጄን ጥያቄ ግን ማን መለሰለት?

ዘንድሮ ነገሩ ከዚያ የከበደ ነው፣ ምክንያቱም ሐዘኑ የእኛው ነው። ሴፕቴምበር 2025 ኮብልባንክ ላይ የ12 እና የ15 ዓመት ልጆች በገጀራ ተገደሉ። ከቤቴ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። የደቡብ ሱዳን ወንድሞቻችን ልጆች ናቸው። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ አባቶቹን ሳይ ቃል አጣሁ። ስለዚህ ወንጀል የለም፣ ወሬ ነው የሚለኝን አልሰማም። አለ። የሚሞቱትም ልጆቻችን ናቸው።

ገጀራ መያዝ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ደግ አደረጉ። የዋስትና ሕጉንም አጠበቁ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ 14 ዓመት የሞላው ልጅ በከባድ ጥቃት ከተከሰሰ እንደ አዋቂ ይቀጣል አሉ። ሊበራሎቹ ከዚህም ይብስ ይጥበቅ ይላሉ። ሁለቱም የሚሽቀዳደሙት ልጁ ካጠፋ በኋላ ስለሚሆነው ነው። እኔ የምፈልገው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እኔ ማታ 1 ሰዓት እስክገባ ልጄ የት ይዋል የሚለውን የሚመልስልኝ ሰው ነው። ሜልተን አካባቢ ቤት ተሠርቷል፣ መንገድ ተሠርቷል፤ ልጅ የሚውልበት አዳራሽ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለሚመጣው ዕጩ ሁሉ የምጠይቀው ይቺን አንዷን ነው።

አልፍሬድ ስትሪት

ከ14ኛ ፎቅ፣ እትዬ፣ እኔ ሰሜን ሜልበርን ነኝ። መንገዱን ተሻግሬ ጎረቤትሽ ማለት ነው።

ጁላይ 4 ቀን 2020 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮሮና ምክንያት ዘጠኝ ሕንጻ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጋ እኔ ወተት ልገዛ ወርጄ ነበር። ስመለስ በሩ ላይ ፖሊስ አለ። 3,000 ሰው ገደማ ነው የተዘጋበት። ሌሎቹ በአምስት ቀን ሲለቀቁ የእኛ 33 አልፍሬድ ስትሪት 14 ቀን ሆነው። ልጄ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። ከመስኮቱ ላይ በቁልፍ ጫፍ ቀን እየጫረ ይቆጥር ነበር፤ ጭረቱ ዛሬም አለ። ዲሴምበር ላይ የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ዴቦራ ግላስ አጣርተው አዘጋጉ የሰብዓዊ መብት ሕጉን የጣሰ ነው አሉ፤ ይቅርታ ይጠየቁ አሉ። መንግሥት ይቅርታ አልጠየቀም። በ2023 ነዋሪው ከፍቶት በነበረው የጋራ ክስ 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ገንዘቡ መጣ፣ ይቅርታው ቀረ።

ስለዚህ «ትመለሳላችሁ» ሲሉኝ ያን ቅዳሜ ነው የማስበው። የእኛ ወረዳ፣ ሜልበርን የሚባለው፣ ከ2014 ጀምሮ በግሪንስ እጅ ነው። ጥቅሙን ልንገርሽ፤ እዚህ ዕጩዎች በራችንን ያንኳኳሉ። የግሪንስም፣ የሌበርም። ስንናገር ይጽፋሉ። ማን እንደሚያሸንፍ የማይታወቅበት ወረዳ ስለሆነ ነው። ያንቺው ጋ ሌበር ያለ ስጋት ስለሚያሸንፍ ማን ያንኳኳልሽ?

ልጄ ዘንድሮ 18 ሞልቶታል። ኖቬምበር 28 አብረን ነው የምንሄደው።

ከ14ኛ ፎቅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጭረቱን አንብቤ አለቀስኩ።

የታርኒት አባት፣ ባለቤትህ 11 ፎቅ በእግሯ መውጣቷን እኔም ኖሬበታለሁ፣ አልከራከርህም። ፎቁ አርጅቷል። አይፍረስ ብዬ ሙጭጭ አላልኩም። የምለው፣ ሰው ከመውጣቱ በፊት ውሉ በእጁ ይግባ ነው። አንድ ሕንጻ አፍርሰው፣ ሠርተው፣ ሰዎቹን መልሰው ያሳዩን፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይንኩ።

የነጭ ጤፉ ምሳሌ ገብቶኛል። 1 ለማን፣ 2 ለማን እንደምጽፍ አሁን ቅርጽ እየያዘልኝ ነው።

እዚህ የተወለድኩ

ሰላም። አማርኛ መጻፍ ላይ ደካማ ነኝ፣ እህቴ እያረመችልኝ ነው። 19 ዓመቴ ነው፤ ይሄ ለስቴት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ለእናቴ ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነኝ። ስለ ቤቱ መፍረስ የመጣውንም አነበብኩላት። አንድ ቃል ነበረ፤ ያለንበት «የመንግሥት ቤት» ነው፣ ደብዳቤው ግን ስለምንመለስበት ሲናገር ሌላ ስም ይጠቀማል። እናቴ «ልዩነቱ ምንድነው?» አለችኝ። መመለስ አቃተኝ። ቢሮው ደወልኩ፣ ሦስት ሰው አቀባበሉኝ፣ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። ያን ቀን ነው የመዝገቡን ቅጽ የሞላሁት።

ለእናቶቻችን አንድ ነገር መንገር እፈልጋለሁ። የምርጫ ኮሚሽኑ በአማርኛ መረጃ አለው፣ በስልክም አስተርጓሚ ያገናኛል። ልጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። ልጆችም ስንረዳ የራሳችንን ምርጫ አንጫንባቸው። እኔና እናቴ አንድ ሰው አንመርጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ተከራክረን ነው የምንበላው።

ሳንሻይን 2009

ጎበዝ ልጅ። ሁለት የሥራ ነገር ልጨምርበት።

አንደኛ፣ አድራሻ የቀየራችሁ፣ በተለይ ከፎቆቹ የወጣችሁ፣ አዲሱን አድራሻ አስመዝግቡ። ካላስመዘገባችሁ ስማችሁ ድሮ ሰፈር ነው የሚገኘው። መዝገቡ በኖቬምበር መጀመሪያ ይዘጋል። መምረጥ ግዴታ ነው፤ የቀረ ሰው ቅጣት ይመጣበታል። ከዕለቱ ቀደም ብሎም መምረጥ ይቻላል፤ ቅዳሜ የምትሠሩ አትጨነቁ።

ሁለተኛ፣ ለታችኛው ምክር ቤት በሚሰጣችሁ ትንሹ ወረቀት ላይ ሁሉም ሳጥን ውስጥ ቁጥር ጻፉ። አገር ቤት የለመድነው አንድ ምልክት ነው። እዚህ 1 ብቻ ጽፎ ኮሮጆው ውስጥ የከተተ ሰው ወረቀቱ ይጣላል። ባለፈው ምርጫ አብሬአቸው የሄድኩ አንድ ሽማግሌ ሲወጡ «መረጥኩት!» ብለው ደስ አላቸው፤ በመኪና ስንመለስ ነው ስምንቱን ሳጥን ባዶ እንደተዉ የነገሩኝ። ከመኪናው እስኪወርዱ ዝም ብለው መንገዱን ያዩ ነበር።

ምርጫው ጾም ላይ ስለሚውል ምርጫ ከሚካሄድበት ትምህርት ቤት በር ያለውን የቋሊማ ዳቦ ዘንድሮ የእኛ ሰው አይነካውም። ግን እናቶች በየምርጫ ጣቢያው የጾም ሳምቡሳ ይዘው ቢቆሙ ደስ ይለኝ ነበር። ሰፈሩ እንዳለን ያውቃል።

የታርኒት አባት

ሳምቡሳውን ባለቤቴ ትሠራለች፣ ነግሬአታለሁ።

ከ14ኛ ፎቅ፣ «ውሉ በእጁ ይግባ» ያልሽውን ደግሜ አነበብኩት። እኔ ስወጣ የሄድኩት በራሴ ፈቃድ፣ በራሴ ቀን ነው። ተገድጄ አልወጣሁም። ልዩነቱን አላሰብኩትም ነበር። በዚህ ከአንቺ ጋር ነኝ።

ነርስ ነኝ

እኔ ሌበርን እመርጣለሁ ብያለሁ፣ አልለወጥኩም። ግን ሌበርን የምንመርጥ ሰዎች ነን ይህን ጥያቄ ጮክ ብለን ልንጠይቃቸው የሚገባ። ለእኛ ይመልሳሉ። ስብሰባ ካለ ጥሩኝ፣ ማታ ፈረቃዬን እቀይራለሁ።

ከ14ኛ ፎቅ

እንግዲያው ቀን እንቁረጥ። ግቢያችን ውስጥ ያለችው የማኅበረሰብ አዳራሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ ናት፤ ቁልፉን የያዘውን ሰውዬ ዛሬ አናግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። የሁሉንም ፓርቲ ዕጩ እንጠራለን፤ ሊበራሉንም፤ ኒኮልሰን ስትሪት ያለኸው ወንድሜ፣ እሱን አንተ ጥራልን።

ጥያቄዎቹን ከአሁኑ እየጻፍኩ ነው። አንደኛ፣ የመመለስ ውሉ ከመውጣታችን በፊት ተፈርሞ ይሰጠናል ወይ። ሁለተኛ፣ ኪራዩ ከገቢያችን ስንት ከመቶ ይሆናል፣ ለስንት ዓመት። ሦስተኛ የሜልተኑ አባት ጥያቄ፣ ልጆቹ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ የት ይዋሉ። አራተኛ የታርኒት ባቡር፣ ከነቀኑ።

እዚህ የተወለድሽው ልጄ፣ ወይም የተወለድክ፣ አላወቅኩም፤ በእንግሊዝኛ የምትጽፍልኝን እጅ እፈልጋለሁ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ጎረቤቴም ረከቦቷን ይዛ በሁለት ባቡር እመጣለሁ ብላለች።